አለማወቃቸውን ያልሸሸጉ ሐኪም፤ ሰር ዊልያም ኦስለር

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው የአባቶች ምሳሌ የተነገረው ለበሽተኛ ነው። በሽተኛው የሚሰማውን ሕመም ካልገለጠ ሐኪሙ ሊረዳው አይችልምና ምክሩ እውነት ነው። ዳሩ ግን ምሳሌውን ገልብጠን ብንመለከተው ለሐኪሙም የሚሆን ቁም ነገር እናገኝበታለን። ይኸውም ሐኪሙ አለማወቁን የደበቀ እንደ ሆነ፣ የማይጠቅመውንም መድኃኒት ይጠቅማል ብሎ የሰጠ እንደ ሆነ፣ ለዚያ በሽታ እውነተኛው መድኃኒት ሳይፈለግ ይቀራል ማለት ነው። ተገኝቷል የተባለውን ነገር ማንም ተነሥቶ አይፈልገውምና።

ዛሬ ታሪካቸውን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሰር ዊልያም ኦስለር ይህን ቁም ነገር በሥራቸው ያስተማሩ ሐኪም ናቸው። እኒህ ሰው ከሞቱ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ስማቸው ግን የሕክምና ትምህርት በሚሰጥበት አገር ሁሉ ይነሣል፤ ከዚህም በቀር ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ደም የሚያፈስ በሽታ በስማቸው ይጠራል። ለዚህ በሽታ ፈውስ አላገኙለትም፤ አግኝቻለሁም አላሉም። በ2024 ግን ለሌላ በሽታ የተሠራ አንድ ክኒን ለዚሁ በሽታ ይጠቅም እንደ ሆነ በብርቱ ጥንቃቄ ተፈትኖ ውጤቱ ለዓለም ተገለጠ። እኛም ኦስለር ስለ በሽታው ከጻፉበት ከ1901 አንሥቶ ክኒኑ ተፈትኖ ውጤቱ እስከ ታወቀበት እስከ 2024 ድረስ ያለውን ረጅም መንገድ ስንመለከት፣ መንገዱን ያቀናው የእኒህ ሰው ዓይነት ጠባይ ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ ታሪኩን ከልደታቸው እንጀምራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከትምህርት ቤት የተባረረው ልጅ

ዊልያም ኦስለር ጁላይ 12 ቀን 1849 በካናዳ አገር ቦንድ ሄድ በምትባል ትንሽ የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ ፌዘርስቶን ኦስለር አስቀድሞ በእንግሊዝ የባሕር ኃይል ያገለገሉ፣ በኋላም ቅስና ተቀብለው ከኮርንዎል ወደ ካናዳ የተሻገሩ ካህን ነበሩ። በዚያን ጊዜ አገሩ ገና ጫካው ተመንጥሮ ያላለቀ ስለ ነበረ ቄሱ ከአንዱ ምእመን ወደ ሌላው የሚሄዱት ብዙ መንገድ በፈረስ እየተጓዙ ነበር። ቤተ ሰቡ ብዙ ልጆች ነበሩት፤ ዊልያምም ከወንዶቹ ሁሉ ታናሹ ነበር።

የኋላው ታላቅ ሊቅ በልጅነቱ ጨዋና ጭምት ተማሪ ነበር ብንል እንዋሻለን። ቀልድና ተንኮል እጅግ ይወድ ነበር። ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ በሆነው ጊዜ በአስተማሪው ላይ በፈጸመው ድፍረት ምክንያት ዳንዳስ በምትባለው ከተማ ከሚማርበት ትምህርት ቤት ተባረረ። አባቱም አዝነው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ላኩት። የሰው ዕድል አንዳንድ ጊዜ በመጥፎ አጋጣሚ በኩል ይገባልና ልጁን የለወጠው ሰው የተገኘው ከዚህ በኋላ ዌስተን በተባለው ቦታ በገባበት ትምህርት ቤት ነበር።

ይህም ሰው የትምህርት ቤቱ መሥራች ቄስ ዊልያም ጆንሰን ነበሩ። ቄስ ጆንሰን ተማሪዎቻቸውን በመጽሐፍ ብቻ አያስተምሩም ነበር። ወደ ሜዳና ወደ ወንዝ ዳር ይዘዋቸው እየወጡ ድንጋይና ቅጠል ያስለቅሙአቸው፣ የኩሬ ውሃ ያስቀዱአቸውና ሁሉንም በአጉሊ መነጽር ያሳዩአቸው ነበር። ዓይን ሳያየው በባዶ ይቆጠር የነበረው የውሃ ጠብታ በመነጽሩ ሥር ሲታይ ሕይወት የሞላበት ሆኖ መገኘቱ ዊልያምን በጣም አስደነቀው። የቄሱ ወዳጅ ዶክተር ጄምስ ቦቬልም ልጁን እየወደዱት ሄዱና ቤተ መጻሕፍታቸውን ከፈቱለት።

በ1867 ዊልያም እንደ አባቱ ካህን ለመሆን አስቦ በቶሮንቶ ከተማ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ። ነገር ግን ልቡ ከአጉሊ መነጽሩ ጋራ ቀርቶ ስለ ነበረ ዓመት ቆይቶ ሐሳቡን ለወጠ፤ ሕክምና ለመማርም ቈረጠ። በ1870 ወደ ሞንትሪያል ከተማ ተሻግሮ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1872ም በ22 ዓመት ዕድሜው የሐኪምነት ዲፕሎማውን ተቀበለ። ከእንግዲህ ወዲያ እኛም ዶክተር ኦስለር ብለን በአክብሮት እንጠራቸዋለን።

በደም ውስጥ የታዩት ደቃቃ ነገሮች

አዲሱ ሐኪም ዲፕሎማቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ገንዘብ ለመሰብሰብ አልተቀመጡም። ወደ አውሮፓ ሄደው በሎንዶን፣ በበርሊንና በቪዬና ሁለት ዓመት ያህል ተማሩ። በ1873 በሎንዶን ሲሠሩ ደምን በአጉሊ መነጽር ይመረምሩ ጀመር።

በዚያን ዘመን ሐኪሞች በደም ውስጥ በደንብ የሚያውቁት ቀዩንና ነጩን የደም ሕዋስ ነበር። ከነዚህ ሌላ እጅግ ደቃቃ የሆኑ ነገሮች በአንድነት ተከማችተው አልፎ አልፎ ይታዩ ነበር፤ ዳሩ ግን ምንነታቸው አከራካሪ ነበር። ዶክተር ኦስለር በአይጥ ደም ሥር ውስጥ ያለውን ደም ሲመለከቱ እነዚህ ነገሮች እያንዳንዳቸው ተለያይተው ከደሙ ጋራ እንደሚገኙ፣ ተጣብቀው የሚከማቹት ግን ደሙ ከደም ሥሩ ከወጣ በኋላ መሆኑን ተገነዘቡ። ይህንኑ ጽፈው በ1874 ለእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አቀረቡ።

ያዩትን በትክክል ቢጽፉም ምንነቱን በትክክል አላወቁትም። በጽሑፋቸው አርእስት ላይ የሰጧቸው ስም ጥቃቅን ሕያዋን ፍጥረታት ናቸው ወደሚለው ግምት ያደላ ነበር፤ ግምቱም ስሕተት ሆኖ ተገኘ። በ1882 ጁሊዮ ቢዞዜሮ የተባለው የኢጣሊያ ሊቅ እነዚህ ዛሬ ፕሌትሌት የሚባሉት ክፍሎች ቁስል ሲደማ ደም እንዲቆም የሚረዱ መሆናቸውን አስረዳ። የኦስለር ሥራ ግን በስሕተቱ ምክንያት አልጠፋም። ያዩትን ከገመቱት ለይተው ስለ ጻፉ፣ ግምቱ ሲወድቅ ያዩት ነገር ቆሞ ቀረ።

ሬሳው ያስተማረው ትምህርት

በ1874 ወደ ሞንትሪያል ተመልሰው በተማሩበት ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆኑ። በሆስፒታሉ የፈንጣጣ ክፍል ለመሥራት ፈቃደኛ ሆነው ካገኙት ደሞዝ ለተማሪዎቻቸው አጉሊ መነጽር ገዙ። በዚያው ሥራ ላይ ሳሉ እርሳቸውም ፈንጣጣ ይዟቸው ነበር፤ ነገር ግን ቀለል ብሎላቸው ዳኑ።

በሞንትሪያል በቆዩባቸው ዐሥር ዓመታት ውስጥ ወደ 800 የሚጠጋ ሬሳ ከፍተው መረመሩ። ይህ ሥራ ለሚሰማው ሰው ይከብድ ይሆናል። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ሐኪሙ በሽተኛው በሕይወት ሳለ በሽታህ ይህ ነው ያለውን፣ ሰውየው ከሞተ በኋላ ከፍቶ ሲመለከት እውነት መናገሩንና መሳሳቱን ያውቃል። ስሕተቱን መሬት ቀብሮት አይሄድም። ዶክተር ኦስለርም ሐኪም የቱን ያህል ጊዜ እንደሚሳሳት የተማሩት ከዚህ ነው።

በ1884 ወደ አሜሪካ ሄደው በፊላዴልፊያ ከተማ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1889 በባልቲሞር ከተማ የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሲከፈት ደግሞ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች አለቃ ተደርገው ተሾሙ። የሕክምና ትምህርት ቤቱም በ1893 ተከፈተ። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ብዙ የሕክምና ተማሪዎች ከአንድ በሽተኛ ጋራ በቅርብ ሳይነጋገሩ፣ አዳራሽ ተቀምጠው ንግግር ሲሰሙ ቆይተው ዲፕሎማ ይቀበሉ ነበር። ዶክተር ኦስለር ግን ተማሪውን ከአዳራሹ አውጥተው በበሽተኛው አልጋ አጠገብ አቆሙት። በሽተኛውን እንዲጠይቅ፣ እንዲዳስስ፣ ደሙን በመነጽር እንዲያይና ያየውን እንዲጽፍ አደረጉት። ከዕለት ወደ ዕለት በሆስፒታሉ ውስጥ ከተማሪዎቻቸው ጋራ ሲዘዋወሩ ለድኻውም ለሀብታሙም ደግ ቃል የማይለያቸው ደስተኛ ሰው እንደ ነበሩ የሚያውቋቸው ሁሉ መስክረዋል።

መድኃኒት የለም ብሎ የጻፈው መጽሐፍ

በ1892 ሁለት ትልልቅ ነገር ሆነላቸው። ሚስት አገቡ፤ መጽሐፍም አሳተሙ። ሚስታቸው ግሬስ ሪቪር ይባላሉ፤ መጽሐፉም የሕክምናን መሠረተ ሐሳብና አሠራር የሚያስረዳ ወፍራም መጽሐፍ ነበር። ይህ መጽሐፍ በየጊዜው እየታረመ ሲታተም ለብዙ ዓመታት የሐኪሞች ዋና መማሪያ ሆኖ ኖሯል።

የመጽሐፉን ልዩነት ለመረዳት የዚያን ዘመን ልማድ ማስታወስ ያስፈልጋል። ሐኪሙ የበሽታውን ምክንያት ባያውቅም አራት ዓምስት ዓይነት ነገር በአንድ ጠርሙስ በጥብጦ መስጠት የተለመደ ነበር። በሽተኛው ከዳነ ጠርሙሱ ይመሰገናል፤ ከሞተ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ይባላል። ስለዚህ ጠርሙሱ ምንጊዜም አይከሰስም። ዶክተር ኦስለር ግን እያንዳንዱን በሽታ በተራው እያነሡ ምክንያቱን፣ ምልክቱንና በሬሳ ላይ የሚታየውን ከዘረዘሩ በኋላ፣ ወደ መድኃኒቱ ሲደርሱ በብዙ ቦታ የሚታመን መድኃኒት እንደሌለ በግልጥ ጻፉ። ኪኒን ለወባ፣ ብረት ለደም ማነስ የሚጠቅሙ መሆናቸውን መሰከሩ። ስለ ሳንባ ምች ግን በሽታው ራሱ ጊዜውን ጨርሶ የሚለቅ እንጂ በዚያን ጊዜ በሚታወቅ መድኃኒት የሚቈረጥ አለመሆኑን አስረዱ።

ይህን በመጻፋቸው በመድኃኒት የማያምን ሰው ናቸው ተብለው ተነቀፉ። እርሳቸውም ከስሕተት ንጹሕ አልነበሩም። ለምሳሌ ብርቱ የሆነ ሰው የሳንባ ምች ሲጀምረው ደም ማስፈሰስ ይጠቅማል የሚለውን የቆየ ልማድ ደግፈዋል። ይሁን እንጂ የመጽሐፉ እውነተኛነት ያልታሰበ ፍሬ አፈራ። በ1897 የከበርቴው የጆን ሮክፌለር አማካሪ የነበሩት ፍሬዴሪክ ጌትስ ሐኪም ሳይሆኑ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። ለሰው ልጅ ሕመም የታወቀው መድኃኒት ይህን ያህል ጥቂት መሆኑን ባዩ ጊዜ ደንግጠው፣ ሀብታሙ ጌታቸው ለምርምር ገንዘብ እንዲያወጡ መከሩ። በ1901 በኒውዮርክ የተመሠረተው የሮክፌለር የሕክምና ምርምር ተቋም መነሻው ይኸው ነው። መጽሐፉ መድኃኒት በሌለበት አለ ብሎ ቢሆን ኖሮ ጌትስ ምን ያስደነግጣቸው ነበር?

ነስር የወረሱት ወንድማማቾች

በዚሁ በ1901 ዶክተር ኦስለር በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል መጽሔት ላይ የሦስት በሽተኞችን ታሪክ አወጡ። ከሦስቱ ሁለቱ ወንድማማቾች ነበሩ። በሽታቸውም ነስር ነበር።

ነስር ሲባል አንባቢዎቻችን ቀላል ነገር ሊመስላቸው ይችላል። በልጅነቱ ነስር ያላገኘው ሰው ጥቂት ነው፤ በአገራችንም እናቶች ቀዝቃዛ ውሃ ግንባራችን ላይ አፍስሰው ሲያቆሙልን ኖረናል። የእነዚህ ሰዎች ነስር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከልጅነት ይጀምርና በዕድሜ እየበረታ ይሄዳል፤ አንዳንዱን በየቀኑ ይይዘዋል። ሰውየው ምግብ ቀርቦ ሳለ፣ በሥራው ጠረጴዛ ላይ ሳለ፣ ሌሊትም ተኝቶ ሳለ ደሙ ድንገት ይወርዳል። ከኪሱ መሐረብ አይለየውም፤ ከሰው መካከል መቀመጥ ያፍራል። ደሙ ሲፈስ ውሎ ሲፈስ ስለሚያድር ፊቱ ይገረጣል፤ ጉልበቱም ያልቃል። በከንፈሩ፣ በምላሱና በጣቱ ጫፍ ላይ ትንንሽ ቀያይ ነጠብጣቦች ይታያሉ።

የቀደሙት ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ሰው ሲያዩ ብዙ ጊዜ ሄሞፊሊያ የሚባለው የደም አለመርጋት በሽታ ይመስላቸው ነበር። በ1896 በፓሪስ ሐኪሙ አንሪ ሬንዱ በአንድ የ52 ዓመት ሰው ላይ ይህን ሁኔታ አይተው ከሄሞፊሊያ የተለየ መሆኑን አመለከቱ። ኦስለር ደግሞ ነስሩና ቀያዩ ነጠብጣብ በአንድነት በቤተ ሰብ ውስጥ የሚወረሱ ራሱን የቻለ አንድ በሽታ መሆናቸውን አጕልተው አሳዩ። በ1907 በሎንዶን ፍሬዴሪክ ፓርክስ ዌበር ሌሎች በሽተኞችን ጨመሩ። ስለዚህ በሽታው እስከ ዛሬ በሦስቱ ሐኪሞች ስም የኦስለር፣ የዌበርና የሬንዱ በሽታ ይባላል።

ኋላ እንደ ታወቀው ጥፋቱ ያለው በደሙ ላይ ሳይሆን በደም ሥሩ ላይ ነው። በጤነኛ ሰው ከልብ የሚወጣው ደም ወደ ልብ ወደሚመልሰው ደም ሥር ከመግባቱ በፊት እንደ ፀጉር በቀጠኑ ብዙ ሥሮች ውስጥ ተከፋፍሎ ያልፋል፤ ኃይሉም በዚያ ይበርዳል። በዚህ በሽታ ግን በአንዳንድ ቦታ እነዚህ ቀጫጭን ሥሮች ይታጡና ሁለቱ ዓይነት ደም ሥሮች በቀጥታ ይገናኛሉ። ግድግዳው ስስ የሆነው ሥር ያን ኃይል መቋቋም አቅቶት በትንሽ ነገር ይቀደዳል። በሳንባ፣ በጉበትና በአንጎልም ውስጥ እንዲህ ያለ መገናኛ ሊፈጠርና ሕይወትን ሊያሰጋ ይችላል። ከአባት ወይም ከእናት አንዳቸው በሽታው ካለባቸው እያንዳንዱ ልጅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ የመውረሱ ነገር ከሁለት አንድ ነው። በዓለም ላይ ከ5,000 ሰው አንዱ እንዳለበት ይገመታል።

ሐኪሙ በዚያን ጊዜ ለእነዚህ ሰዎች ማድረግ የሚችለው አፍንጫውን በጨርቅ ጠቅጥቆ መያዝን፣ የሚደማውን ቦታ መተኰስን፣ ለደም ማነሱም ብረት መስጠትን የመሰለ ነገር ነበር። ዶክተር ኦስለር ፈውሱን አገኘሁ ሳይሉ ታሪካቸውን በጥንቃቄ ጽፈው ለኋለኛው ትውልድ አቆዩት።

የአባት ኀዘንና የሐኪሙ መጨረሻ

በ1905 ኦስለር አሜሪካን ለቀው በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከፍተኛውን የሕክምና ፕሮፌሰርነት ወንበር ያዙ፤ በ1911ም የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው። ቤታቸው ለተማሪና ለእንግዳ ሁሉ ክፍት ነበር። ክብሩና ደስታው ግን እስከ መጨረሻው አልዘለቀም። የመጀመሪያ ልጃቸው በ1893 ገና በተወለደ በጥቂት ቀን ሞቶባቸው ነበር። በ1895 የተወለደው ሪቪር የተባለው አንድ ልጃቸው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የመድፈኛ መኮንን ሆኖ ዘመተ። በኦገስት 1917 በቤልጅግ አገር በኢፕር ግንባር ክፉኛ ቈሰለ። የአባቱ ወዳጅ የሆኑት ዕውቁ ቀዳጅ ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ በአጋጣሚ በዚያው ግንባር አቅራቢያ ስለ ነበሩ በሌሊት ደረሱለት፤ ከሌሎችም ሐኪሞች ጋራ የሚቻለውን ሁሉ አደረጉ። ነገር ግን ወጣቱ በማግሥቱ ሞተ። ዕድሜው 21 ዓመት ነበር።

አባቱ ከዚህ በኋላ ሥራቸውን አላቋረጡም፤ ጐብኚዎቻቸውንም በፈገግታ መቀበል አልተዉም። ልባቸው ግን እንደ ተሰበረ ቅርብ ወዳጆቻቸው ያውቁ ነበር። በ1919 ክረምት የሳንባ ሕመም ያዛቸው። ሁለት ወር ያህል ተኝተው ከማቀቁ በኋላ ዲሴምበር 29 ቀን 1919 በ70 ዓመታቸው ዐረፉ። ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት ይህን በሽታ የሚቈርጥ መድኃኒት የለም ብለው የጻፉት ሐኪም የሞቱት በሳንባ ምች ምክንያት መሆኑ የሚያሳዝን ነው። የሳንባን ምች የሚያሸንፈው የፔኒሲሊን መድኃኒት ለሕዝብ የተዳረሰው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በሕይወታቸው የሰበሰቧቸውን ወደ 8,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ለማክጊል ዩኒቨርሲቲ አወረሱ፤ ዐመዳቸውም በዚያው በመጻሕፍታቸው መካከል ተቀምጧል።

ለሌላ በሽታ የተሠራው ክኒን

ሐኪሙ ዐረፉ፤ በስማቸው የተጠራው በሽታ ግን በየቤተ ሰቡ ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉን አላቆመም። በ1994ና በ1996 ሊቃውንት ለበሽታው ምክንያት የሚሆኑትን ሁለት ዋና ዋና ጂኖች አገኙ። ምክንያቱ ሲታወቅ መድኃኒት ፍለጋውም መልክ ያዘ። ዳሩ ግን አዲስ መድኃኒት ከመነሻው ፈጥሮ ለሕዝብ እስኪያደርሱ ብዙ ዓመትና እጅግ ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፤ በሽተኛው ጥቂት ሲሆን ደግሞ ይህን ገንዘብ የሚያወጣ ነጋዴ አይገኝም። ስለዚህ ሊቃውንቱ በመደርደሪያ ላይ ካሉት፣ መጠናቸውና ጉዳታቸው አስቀድሞ ከታወቀው መድኃኒቶች መካከል የሚረዳ ይኖር እንደ ሆነ ይመረምሩ ጀመር።

ከዚህ ላይ የምናነሣው መድኃኒት ታሪኩ የሚያስፈራ ነው። ታሊዶማይድ ይባላል። በ1957 በምዕራብ ጀርመን የእንቅልፍ መድኃኒት ሆኖ ለገበያ ወጣ፤ ምንም ጉዳት የለውም ተብሎ ስለ ተነገረለት ነፍሰ ጡሮች ለማቅለሽለሽ ይወስዱት ነበር። በቂ ፈተና ሳይደረግበት የተሰጠው ይህ ማረጋገጫ ትልቅ እልቂት አመጣ። መድኃኒቱ በ1961 መጨረሻ ከገበያ እስኪነሣ ድረስ እጃቸው ወይም እግራቸው ጐድሎ የተወለዱት ሕፃናት በዓለም ላይ ወደ 10,000 እንደሚደርሱ ይገመታል።

እንዲህ ያለው መድኃኒት ለዘለዓለም ተጥሎ መቅረት ነበረበት የሚል ሰው አይፈረድበትም። ነገር ግን በ1964 በኢየሩሳሌም ዶክተር ጃኮብ ሼስኪን እንቅልፍ ላጡ የሥጋ ደዌ በሽተኞች ቢሰጡት ከደዌው ጋራ የሚመጣው የሚያቃጥል ቁስል ሲደርቅ አዩ። በ1994 ደግሞ በቦስተን ከተማ ሮበርት ዳማቶና ጁዳ ፎክማን ታሊዶማይድ አዲስ ደም ሥር እንዳይበቅል የሚያግድ መሆኑን አስረዱ። በ2010 የአውሮፓ ሊቃውንት ለጥቂት የኦስለር በሽተኞች ቢሰጡት ነስራቸው እንደ ቀነሰ ጻፉ። ሆኖም መድኃኒቱ የእጅና የእግርን ነርቭ እየጐዳ ስለሚያደነዝዝ ለብዙ ጊዜ መውሰድ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ፖማሊዶማይድ ወደሚባለው ዘመዱ ዞሩ። ይህም በ2013 በአሜሪካ የመቅኔ ነቀርሳ ለያዛቸው ሰዎች የተፈቀደ ክኒን ነው።

በዕጣ የተሰጠው ክኒን

አሁን ጥያቄው ይህ ነው። ክኒኑን ለነስረኞች ሰጥቶ ሻል ካላቸው ጠቀመ ማለት አይበቃምን? አይበቃም። ነስር አንድ ወር ይበረታል፤ አንድ ወር ይለዝባል። ሰውየው ወደ ሐኪም የሚሮጠው በበረታበት ወር ነው። በሚቀጥለው ወር ምንም ሳይሰጠው በራሱ ጊዜ ቢለዝብለት፣ በመካከሉ የዋጠው ነገር ሁሉ ፈዋሽ ሆኖ ይታየዋል። ተስፋም ራሱ ሕመምን ያቀልላል። የጥንቱ ጠርሙስ ሲመሰገን የኖረው በዚህ ምክንያት ነበር።

ስለዚህ በአሜሪካ ያሉ ሐኪሞች 144 የኦስለር በሽተኞችን መርጠው በዕጣ ከፈሏቸው። 95ቱ በየቀኑ 4 ሚሊግራም ፖማሊዶማይድ ሲወስዱ፣ 49ኙ መልኩ አንድ የሆነ ነገር ግን መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ክኒን ወሰዱ። ማን የትኛውን እንደ ያዘ በሽተኛውም የሚመረምረው ሐኪምም እንዳያውቁ ተደረገ። ይህም ለ24 ሳምንት ቆየ። የነስሩን ክብደት ከዜሮ እስከ 10 በሚደርስ መለኪያ መዘኑት፤ ሲጀምሩ አማካዩ 5 ነበር።

አስመሳዩን ክኒን የዋጡትም ሻል እንዳላቸው ታየ። እውነተኛውን የዋጡት ግን ከእነዚያ ይበልጥ ተሻላቸው፤ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ልዩነት 0.94 ሆነ። በዚህ መለኪያ በሽተኛው በኑሮው ልዩነቱ የሚሰማው 0.71 ሲደርስ ነው ተብሎ አስቀድሞ ስለ ተወሰነ፣ ጥቅሙ እውነተኛ ሆኖ ተቈጠረ። አስቀድሞ በታቀደው የመካከል ምርመራ ላይ ጥቅሙ ስለ ታየም ተጨማሪ በሽተኛ መቀበል በ2023 ቆመ፤ ውጤቱም በ2024 ታተመ።

ሐኪሞቹ ጉዳቱንም አልሸሸጉም። በክኒኑ ምክንያት ነጭ የደም ሕዋስ የሚቀንስባቸው፣ ሆዳቸው የሚደርቅና ቆዳቸው ሽፍ የሚል ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በዙ። የታሊዶማይድ ዘመድ ነውና ነፍሰ ጡር በፍጹም ልትወስደው አይገባም። በሽታውንም ከሥሩ አይነቅልም፤ ነስሩን ይቀንሳል እንጂ። ይሁን እንጂ በየዕለቱ መሐረብ ይዞ ለሚኖር ሰው የነስሩ መቀነስ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ ጊዜ ሳይፈተን ደኅና ነው ተብሎ የተሰጠ መድኃኒት ብዙ ሕፃናትን ጐዳ። ዘመዱ ደግሞ ተጠርጥሮ፣ በዕጣ ተፈትኖ፣ ጥቅሙና ጉዳቱ ጐን ለጐን ተጽፎ ለተቸገሩ ሰዎች ረዳት ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያመጣው የመድኃኒቱ ዓይነት ብቻ አይደለም። የሰዎቹ ጠባይ ጭምር ነው።

እኛም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ጥቂት ጊዜያችን ነውና የራሳችንን ጥፋት ብንናገር አያሳፍረንም። በፈተና ጊዜ የማናውቀው ጥያቄ ሲመጣብን ቦታውን ባዶ ከመተው ይልቅ ወረቀቱን በብዙ ቃል እንሞላው ነበር። ይህ ልማድ ከተማሪው ጋራ ወደ መሥሪያ ቤት የገባ እንደ ሆነ ግን ጉዳቱ ከአንድ ማርክ በላይ ይሆናል። አንድ ወጣት ሹም ያልተመረመረውን ሥራ ተሳክቷል ብሎ ሪፖርት ቢጽፍ፣ አለቃው መዝገቡን ይዘጋዋል፤ ገንዘቡም ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ሥራው ሳይሳካ የቀረባቸው ሰዎች ግን በመዝገቡ ላይ ስለማይታዩ ረዳት አያገኙም።

ሰር ዊልያም ኦስለር ስለ እነዚያ ሁለት ወንድማማቾች በ1901 ሲጽፉ በሽታው ድኗል አላሉም። መዝገቡ ሳይዘጋ 123 ዓመት ቆየ። ክፍት ስለ ነበረም የሚሠሩበት ሰዎች ተገኙ።